የአባቴ የማጠጫ ፉጨት

ወዳጄ፣ መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ እወቅ፣ እኔ ደብረ ማርቆስ ሒሳብ የማስተምር ሴት ነኝ፣ በመምህራን ክበብ ስለ ዛርና ስለ ሙት መንፈስ ወሬ ሲጀመር «ማስረጃችሁን አምጡ» ብዬ ጨዋታውን የማበላሸው እኔው ነኝ፣ ባልደረቦቼም በዚህ ጠባዬ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። አሁን የማወራልህን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ እስቅበት ነበር፣ ግን እመነኝ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

እናቴ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የገጠር ቤታችን ብቻዋን ነው የምትኖረው። አባቴ አምና መስከረም ሲጠባ አረፈ፣ እኔ ደግሞ ብቸኛ ልጃቸው ነኝ። በነሐሴ እናቴ ጓሮ ውስጥ ተዝለፍልፋ ወድቃ፣ ዝናቡ እየወረደባት ጎረቤት ደርሶ አነሣት፣ ሐኪሙም ልቧ ስለደከመ ብቻዋን መኖር እንደሌለባት ቁርጡን ነገረኝ። በቃ፣ የአባቴን ሙት ዓመት እንዳወጣን ጠቅልዬ ወደ ማርቆስ እወስዳታለሁ ብዬ ቆረጥኩ፣ አልጋ ገዛሁ፣ ክፍሏን አስቀባሁ፣ እሷ ግን ስለ ጉዞው ባነሣሁባት ቁጥር «እስቲ ወፎቼን ልይ» እያለች ወሬውን ታስቀይረኛለች።

እውነትም ወፍ ማየት ሥራዋ ነው። ጠዋት ጠዋት በጓሮ በር ያለው መደብ ላይ ጋቢዋን ደርባ ትቀመጥና፣ ክረምቱን ቡናማ ሆኖ የከረመው ወፍ ቀይ ለብሶ ብቅ ሲል፣ ቢጫዎቹ ዋንዛው ላይ ሣር እየቋጠሩ ጎጇቸውን ሲሠሩ፣ አደዩ አጥሩ ሥር ሲፈነዳ ታያለች፣ ያየችውንም እንደ ሰፈር ወሬ ነው የምታወራው፣ «ያቺ ከባሏ ተጣልታ ሌላ ቅርንጫፍ ገባች» ትለኛለች። አልዋሽህም፣ እኔም አጠገቧ ስቀመጥ ደስ ይለኛል።

ሙት ዓመቱ አልፎ እንግዳው ሁሉ በተበተነ ማግስት፣ ፀሐይ ወጣ ስትል በጓሮ ፊቴን ስታጠብ የአባቴ ፉጨት ተሰማኝ። ከብት አጠጥተህ የምታውቅ ከሆነ ይገባሃል፣ በሬ ወንዝ ላይ አፉን ሲያስነካ ባለቤቱ ያፏጭለታል፣ በሬውም ፉጨቱን እየሰማ ጠግቦ ይጠጣል፣ ለዚህም እያንዳንዱ ገበሬ የራሱ ዜማ አለው። የአባቴ ዜማ ረዘም ብሎ ይጀምርና፣ ወደ ላይ ይወጣና፣ መጨረሻው ላይ ሦስት ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ ቆረጥ ይላል። ጆጉ ከእጄ አምልጦ ወደቀ።

«አንቺም ሰማሽው?» አለች እናቴ ከመደቧ ላይ ሆና፣ ምንም ሳይመስላት።

አጥሩን ዞር ዞር ብዬ ሳይ አገኘሁት፣ ወፍ ነው! ትንሽ፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር ያለው፣ ጉሮሮው እየተነፋ ያፏጫል። የሰው ድምፅ የሚቀዳ ወፍ እንዳለ አንድ የሥነ ሕይወት መምህር ነግሮኝ ስለነበር ደረቴን ነፍቼ ወደ እናቴ ተመለስኩ።

«እማዬ፣ ወፍ እኮ ነው! ከአባዬ ሰምቶ የቀዳ ወፍ ነው።»

«ወፍ መሆኑንማ መች አጣሁት» አለችኝ። «ደረቱን እይው እስቲ፣ ገና ዥጉርጉር ነው፣ በዚህ ክረምት የተፈለፈለ ጫጩት ነው፣ ከጎጆው ሲወጣ እኔው አይቸዋለሁ። አባትሽን የት አገኘው?»

«ከእናቱ ተምሮ ይሆናላ!»

«ይሁን» አለች፣ ላለመጨቃጨቅ። «መጨረሻውን ግን ገና አልያዘውም፣ ዝም ብለሽ አድምጪ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጫጩቱ ረዥሙን አፏጨ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ እዚያ ሲደርስ ቆመና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዝም አለ። ደግሞ ጀመረ፣ ደግሞ እዚያው ቆመ። ዋንዛው ላይ ሲንጫጩ የነበሩት ሁሉ ፀጥ ማለታቸውን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ከዚያ ከቤታችን በታች፣ ከወንዙ በኩል፣ የጎደሉት ሦስቱ ፉጨቶች ተሰሙ፣ ቆረጥ ቆረጥ ቆረጥ፣ አባቴ የፊት ጥርሱ ከወለቀ ወዲህ ትንፋሽ ይቀላቀልበት እንደነበረው፣ ልክ እንደዚያው።

የእናቴ እጅ እጄ ላይ ነበር፣ ሌላ ሰው በግቢው አልነበረም።

አባቴ ያርስበት የነበረው ቡሬ የሚባል በሬ አለ፣ አርጅቶ ገዥ ስላጣ ግቢ የቀረ፣ ጌታው ከሞተ ወዲህ ወንዝ መውረድ እምቢ ብሎ እናቴ በባልዲ የምታጠጣው። ቡሬ ጆሮውን አቆመ፣ ተነሣ፣ በበሩ ወጥቶ ቁልቁል ሄደ። በባዶ እግሬ ተከተልኩት። ወንዙ ዳር ማንም የለም፣ ማዶ ያለው የጤፍ ማሳ ላይም ማንም የለም፣ ቡሬ ግን ጎንበስ ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ ጠጣ፣ ሲጨርስም ቀና ብሎ፣ ሰው ሲያክክለት እንደሚያደርገው አንገቱን ወደ ጎን ሰጠ፣ ዓይኑንም ጨፈን አደረገ።

«ጠጣ?» አለችኝ እናቴ ስመለስ።

«ጠጣ» አልኩና እንባዬ መጣ፣ ዛሬውኑ ካልሄድን ብዬ ጮህኩባት፣ እጇን ጎተትኩ።

«ኧረ ተይ ልጄ» አለችኝ፣ ጀርባዬን እየደባበሰች። «ጫጩቱ ፉጨቱን እስከ መጨረሻው ሳይለምድ ጥዬው አልሄድም። ሲለምደው ከአባትሽ ጋር እሄዳለሁ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል።»

ሰው እናቱን አስሮ አይወስድም። የጎረቤት ሴት አብራት እንድታድር ለምኜ ብቻዬን ወደ ማርቆስ ተመለስኩ፣ የቀባሁት ክፍል እንደተዘጋ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ስደውል ስለ መድኃኒቷና ስለ ምግቧ እጠይቃታለሁ እንጂ ስለ ወፉ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ትናንት ግን ሳልጠይቃት ራሷ፣ ልጁ ፈተና እንዳለፈለት ሰው ደስ ብሏት፣ «ከሦስቱ ሁለቱን ያዛቸው እኮ፣ አንዷ ብቻ ቀረችው» አለችኝ።

ወዲያው ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ እናቴ ታማለች ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ምኗን እንዳመማት ሲጠይቀኝ «ልቧን» አልኩት። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ላመጣት ይሁን ልሰናበታት ግን አላውቅም፣ ፈርቻለሁ።