አንተ ብቻ እንዳታለቅስ

ይህ ነገር በእርግጥ ተፈጽሟል። ፈጠራ ነው የሚል ካለ አርባ ምንጭ ይውረድና የሲቀላ ሰፈርን ሰው ይጠይቅ፤ ግማሹ ወሬ ይቀይርበታል፣ ግማሹ ያማትባል።

ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቦታው እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ አዳራሽ ውስጥ።

ጨለማ የለ፣ ጅብ የለ፣ መቃብር የለ... ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት ነው።

እኔም እዚያው ነበርኩ። ባለታሪኩ ግን የአክስቴ ልጅ ሳምሶን ነው። እሱ እንደነገረኝ ልንገራችሁ።

ሳምሶን ሲቀላ ፎቶ ቤት ነበረው። ሰርግ ይቀርጻል፣ ልደት ይቀርጻል፣ ቤተሰብ ከጠየቀው ቀብርም ይቀርጻል። አንድ ቀን "ፊልም እሠራለሁ" ብሎ ተነሣ። ደራሲው እሱ፣ ዳይሬክተሩ እሱ፣ ካሜራ ያዡም እሱ! አይ ድፍረት!

ለዋና ተዋናይነት ልክነሽን መረጠ። የጁስ ቤቷን ልክነሽ በከተማው የማያውቃት የለም። ማንጎ ስትቀዳም ትስቃለች፣ መልስ ስትሰጥም ትስቃለች። ደጋው ላይ ገረሴ ያሉት እናቷ እማማ ወርቄ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም።

ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ሙዙ መሃል ቀረጹ። በፊልሙ መጨረሻ ልክነሽ ትሞታለች። ነጠላ ያለብሷታል፣ ሰው ያለቅስላታል፣ አለቀ።

ፖስተር ተለጠፈ፣ አዳራሽ ተያዘ... የመጡት ግን የተዋንያኑ ዘመዶች ብቻ ነበሩ። ሰው በየቪዲዮ ቤቱ የአዲስ አበባውን ፊልም እያየ የሳምሶንን ማን ይይለት?

ሳምሶን በገነ። እሱ ሲበግን ደግሞ ምክር የሚሰጠው ሰይጣን ነው።

የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ደበሌ ዘንድ ሄደ።

"ጋሽ ደበሌ፣ ጠዋት ጥሩምባ ነፍተው 'ልክነሽ አርፋለች፣ ቀብሯ አዳራሽ ነው' ይበሉልኝ። ማስታወቂያ ነው።"

ሽማግሌው ጥሩምባቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ።

"ልጅቷ ታማለች?"

"ኧረ ደህና ናት! የምትሞተው ፊልሙ ላይ ነው።"

"ሂድ ከዚህ! የተለቀሰለት ሰው ወዴት ይመለሳል?"

ልክነሽም ወሬው ደርሷት ሳምሶን ዘንድ መጣች። ያን ቀን አልሳቀችም።

"ሳሚ... ስሜን እንዳትጠራ። እማዬ ትሰማለች።"

"እሺ፣ አልጠራም" አላት።

ጠራ።

ጋሽ ደበሌ እምቢ ቢሉም ድምፃቸው እሱ ዘንድ ነበር፤ በአንድ ቀብር ላይ ቀርጾታል። ከኮምፒውተሩ አወጣው። የሟቹን ስም ቆርጦ ጣለና የልክነሽን ስም በራሱ አፍ፣ ድምፁን እንደ ሽማግሌ አጎርንኖ አስገባበት። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሞንታርቦውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ከተማውን ዞረ።

መጀመሪያ ጥሩምባው...

ከዚያ፦ "የጁስ ቤቷ ልክነሽ አርፋለች... ቀብሯ በስምንት ሰዓት፣ ሴቻ አዳራሽ..."

እኔ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እያለ "ወይኔ ልክነሽ!" ብዬ አለቀስኩ። ሰፈሩ ሁሉ አለቀሰ። መናኸሪያ የነበረ የገረሴ ሰው ደግሞ መርዶውን ወዲያው ወደ ላይ ደወለ።

በስምንት ሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው የመጣው። በሩ ላይ ፖስተሩን ሲያይ ግማሹ ተሳደበ፣ ግማሹ ሳቀ፣ ነገር ግን ሁሉም ትኬት ቆርጦ ገባ። እኔም ገባሁ፣ ምን እዋሻለሁ!

እማማ ወርቄ በአይሱዙ ወርደው፣ ደረታቸውን እየደቁ ከፊት ተቀመጡ። "ልጅዎ አለች፣ ፊልም ነው" ቢሏቸው፣ "ታዲያ የት አለች?" ብቻ ይላሉ።

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ፣ ልክነሽ ከመጋረጃው ጀርባ ሮጣ ወጣች። እናቷ እግር ሥር ተደፋች።

"እማ! እኔ ነኝ! አለሁ እኮ!"

እማማ ወርቄ በላይዋ አሻግረው ለጎረቤታቸው፣ "እስቲ ውሃ ስጪኝ" አሉ።

ሳምሶን መጀመሪያ ቁጣ መሰለው። ትቅመሳት ብለው ነው አለ። ወዲያው እኔ መጣሁና፣ "ልክነሽስ? ጥራትና እናቷ ይዩዋት እንጂ!" አልኩት።

ኋላ ሳምሶን እንደነገረኝ፣ ልክነሽ እዚያው የእኔ አጠገብ ነበረች። "ኧረ እየኝ!" እያለች ክንዴን ይዛኝ ነበር።

እኔ ያየሁት ነገር የለም። ክንዴን ብቻ በዚያ ሙቀት ሲበርደው አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ባጃጅ አልቆምላት አለ። የጁስ ቤቱ ባለቤት እሷው ፊቱ ቆማ እያለች፣ "ይቺ ልጅ ሳትሰናበተኝ ጠፋች" ይላል። ቤት ያከራየቻት ሴትዮ ቤቱን ለሌላ ሰው ስታሳይ፣ ልክነሽ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ሳምሶን ይዟት ጋሽ ደበሌ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ግድግዳውን እያዩ አንሾካሾኩ።

"እዚህ ነች?"

"እዚሁ ነች፣ ጋሼ። ፊትዎ።"

"አይታየኝም። ያን ጠዋት የገዛ ድምፄን ከውጭ ስሰማ እኔም እንባዬ መጣ... ያለቀሰላት ሁሉ ሸኝቷታል። አንተ ውሸት መሆኑን ስለምታውቅ አላለቀስክም። አንተ ብቻ የምታያት ለዚህ ነው።"

ሲወጡ ልክነሽ እጁን ያዘችው።

"አዲስ አበባ ብሄድ የማያውቀኝ ሰው ያየኝ ይሆናል። እማዬን ግን ምን ላድርጋት? አንተ ብቻ እንዳታለቅስ፣ ሳሚ... አንተም ካጣኸኝ መኖሬን ማን ይነግራታል?"

"አላለቅስም" አላት። ይህችን ቃሉን ሊጠብቅ ቆርጦ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። የሚበላው አልወረደለትም፣ እንቅልፍ አልወሰደውም፣ ግን አላለቀሰም።

እንደገና ሞንታርቦ ጭኖ ወጣ።

"ልክነሽ አልሞተችም! ኑና እዩዋት! ልክነሽ አልሞተችም!"

ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ክፍል ሁለት መጣ!"

አዳራሹ ከበፊቱም ባሰ። ሳምሶን መድረክ ላይ ወጥቶ፣ "ይኸው፣ እሷ ራሷ ታናግራችሁ" አለና ማይኩን ወደ ጎኑ አቀበለ። ጎኑ ማንም አልነበረም።

ማይኩ አልወደቀም።

ይህን እኔ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። አየር ላይ ቆመ። ከሞንታርቦው ትንፋሽ መጣ... የሚያለቅስ ሰው ትንፋሽ።

ሕዝቡ በጭብጨባ አበደ። "ክር ነው! ክር ነው! አይ ሳሚ!" ይባባላል። ማይኩ ቀስ ብሎ ዝቅ አለና ወለሉ ላይ ተጋደመ። ሰውም ፊልሙ እስኪጀምር ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ሳምሶን ከዚያ ወዲያ ለየሱቁ ያከፋፈለውን የፊልሙን ሲዲ ሊሰበስብ ሞከረ። ወይ መሰብሰብ! ሰዉ አባዝቶት ምዕራብ ዓባያ ድረስ ደርሷል። በየሻይ ቤቱ ልክነሽ ትሞታለች፣ በየሻይ ቤቱ ይለቀስላታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ ወርቄ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

"ያቺን ሲዲ ክፈትልኝ። ፊቷን ልይ።"

"እማማ... ልክነሽ አለች። እዚሁ፣ አጠገብዎ ቆማለች።"

"ተወኝ ልጄ። በጥሩምባ ቀልደህብኛል፣ ይበቃሃል።"

ከፈተላቸው።

ልክነሽ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ሙዙ መሃል እየሳቀች ትሮጣለች። እማማ ወርቄ መስታወቱን በመዳፋቸው ነኩት። "ከሳሽብኝ እኮ" አሉ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተመለሱ።

ልክነሽ ከጥግ ተነሥታ መጣች። ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ራሷን እናቷ ጭን ላይ አሳረፈች፤ ልጅ ሆና እንደምታደርገው መሆን አለበት።

ሳምሶን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ሳሚ..." አለች በሹክሹክታ፣ ቀና ሳትል። "እንዳታለቅስ..."

ጥርሱን ነከሰ። ወደ ጣሪያው አየ። ስሜን እንዳትጠራ ያለችው ትዝ አለው። እሺ ያላት ትዝ አለው። ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ ብሎ አሰበ፤ ይህች እናት በእኔ ምክንያት ነው ልጇን መስታወት ላይ የምትዳብሰው አለ።

እንባው አመለጠው።

ቶሎ በእጅጌው ጠረገ። ወለሉን አየ። ጥጉን አየ። በሩን አየ።

"ልክነሽ?... ልክነሽ!"

እማማ ወርቄ ዘወር አሉ።

"ማንን ነው የምትጠራው ልጄ?"

ፊልሙ አልቆ ቴሌቪዥኑ ጠቁሯል። እማማ ወርቄ ዓይናቸውን ጨፈኑና ወንበሩን ተደገፉ።

እጆቻቸው ግን አላረፉም...

ከጭናቸው ከፍ ብለው፣ ምንም በሌለበት፣ ቀስ እያሉ ሹሩባ ይጎነጉኑ ነበር።