ከመቶ ሺህ አንድ

ፍሬሰላም ከሰው ይልቅ ቁጥር ታምናለች። ጎንደር ውስጥ ስታቲስቲክስ ታስተምራለች፤ ተማሪዎቿ ሲያሟት «ቆሎ እንኳ ቆጥራ ነው የምትበላው» ይላሉ። ብዙም አልዋሹም።

ማንያዘዋልን ያገኘችው ፒያሳ፣ በዝናብ ነው። ሁለቱም አንድ ባጃጅ አስቆሙ።

«ቀድሜ የጠራሁት እኔ ነኝ» አለችው።

«ቀድሜ የበሰበስኩት ደግሞ እኔ» አለ እየሳቀ።

አብረው ገቡ። አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ መሆኑን ነገራት። ከዚያ ወዲያ ወደ ከተማ በወረደ ቁጥር ይገናኙ ጀመር። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ፤ እሷም እስኪመለሱ ዝም ብላ ታየዋለች። ወደደችው፤ ሌላ ምን ይባላል!

በዚያው ሰሞን ከአንድ የጤና መሥሪያ ቤት ሥራ መጣላት። የሠራተኞቹም የጤና ጣቢያውም ስም ተሰውሯል፤ «በየተረኛው የሞተውን ሰው አወዳድሪልን» ነው የተባለችው። አወዳደረች። ተረኛ ቁጥር አራት ሥራ ላይ ሲሆን ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ሰው ይሞታል። ተረኞቹ ሁሉ እኩል ሆነው ሳለ እንዲህ ያለ ልዩነት እንዲያው በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል ከመቶ ሺህ አንድ ነው። ይህንኑ ጽፋ ሰጠች። በሥራዋም ኮርታ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ማንያዘዋል ታሰረ።

ችሎት የሄደችው ምን አድርጎ እንደተያዘ እንኳ በቅጡ ሳይገባት ነው። ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባለሙያ አስልታዋለች። ተከሳሹ ንጹሕ ሰው የመሆኑ ዕድል ከመቶ ሺህ አንድ ነው። በሽተኞቹን የገደለው እሱ ነው!»

ፍሬሰላም አግዳሚው ላይ ደርቃ ቀረች። ተረኛ ቁጥር አራት እሱ ኖሯል። ደግሞስ መቼ እንዲህ አለች? ስለ ሰውየው ንጽሕና አንድ ቃል አልጻፈችም። ሎተሪ የሚወጣው ከስንት ሰው ለአንዱ ነው፤ ታዲያ የወጣለት ሁሉ ሰርቆ ነው ይባላል? ቢሆንም ልዩነቱ አለ። ሰዎቹ ሞተዋል። ከየት መጣ?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሷ ግን እያደር ደፈረሰባት። ቁጥሩን ስታምን እሱን ትፈራለች፤ እሱን ስታምን የገዛ ልቧን ትጠረጥራለች።

እስር ቤት ሄዳ ጠየቀችው።

«ያንን ቁጥር ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለችው በሽቦው በኩል።

ዓይኖቹ አልሳቁም።

«ምነው ፍሬ?» አለ።

በሰኔ ሚካኤል ዕለት ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣች። ሰዎቹ የሞቱበትን ቦታ በዓይኗ ልታይ ነው። የጤና ጣቢያው ግቢ በቃሬዛ ተሞልቷል። ጎረቤታቸውን ተሸክመው የመጡ አንድ ሽማግሌ አጥሩ ሥር ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«አያ፣ ምነው ዛሬ ሰው እንዲህ በዛ?»

«በዓል አይደል ልጄ? በአዘቦት ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነው፤ ቃሬዛ የሚሸከም ከየት ይመጣል? ድሮ አንድ ሸጋ ልጅ ነበር የሚቀበለን። ጓደኞቹ ንግሥ ሲሄዱ እሱ ይቀርልን ነበር። አሰሩት አሉ።»

ፍሬሰላም አጠገባቸው ተቀመጠች። በሚካኤል እርፍ እንደማይጨበጥ ማን ይነግራታል? እሷስ ብትሆን በዚያ ቀን መቼ ልብስ አጥባ ታውቃለች! ግን ሒሳብ ስትሠራ ቀኑን ሁሉ እኩል አደረገችው። በሽተኛ ተሸካሚ እስኪያገኝ ቤቱ ሲብስበት ይከርማል፤ በበዓል ሊሞት ሲል ይደርሳል፤ ያን ቀን ተረኛው ደግሞ ማንያዘዋል ነው።

ደስ ሊላት ሲገባ ይባስ ግራ ገባት። ይህንንስ ያየችው እውነት ስለሆነ ነው ወይስ ስለፈለገችው?

ምስክር ሆና ቀረበች። ያየችውን ስታስረዳ ዐቃቤ ሕጉ ሳቀ።

«በአንድ ራስ ሁለት ምላስ! ለመሆኑ ተከሳሹን ያውቁታል?»

«እወደዋለሁ» አለች።

ችሎቱ ተንጫጫ።

«ስለዚህ እኔን አትመኑኝ። እሱንም እኔንም የማያውቅ ሰው ይሥራው። በዓልን ከበዓል፣ አዘቦትን ከአዘቦት ያወዳድር።»

ዳኛው ሌላ ባለሙያ አዘዙ። ባለሙያው እንዳገኘው፣ በበዓል ማንም ተረኛ ቢሆን ሰው ያንኑ ያህል ይሞታል፤ በአዘቦት ደግሞ ማንያዘዋል ከማንም አይለይም። ከዚህ በቀር ማስረጃ አልነበረምና ተፈታ።

እስር ቤቱ በር ላይ ጠበቀችው። ከስቷል። አጠገቧ መጥቶ ቆመ፤ አልሳማትም።

«በሚካኤል ዕለት ባትወጪ፣ ቁጥሩም ባይቃና ኖሮ፣ ታምኚኝ ነበር?»

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር!

«አላውቅም» አለች። እንባዋ ወረደ።

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ፖሊሱ አውቃለሁ ይል ነበር» አለ። «ዐቃቤ ሕጉም፣ አብረውኝ የሠሩትም፣ ሁሉም እርግጠኛ ነበሩ። አላውቅም ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ይቅርታ ይሁን ቅያሜ ልትለየው አልቻለችም። እጁን ዘረጋላት፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅም ያዘችው።