ጅራት፣ አለህ?

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። "ሰው ሲያወራ ሰማሁ" የሚባል ዓይነት አይደለም። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ከየትኛውም ክፍል መጨረሻ ሆኜ አልወጣም። ሰው ካልተከተለኝ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ደግሞ አስፈሪ ነገር ሁሉ በሌሊት ብቻ የሚመጣ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ተሳስታችኋል።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች።

ቦታው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የቢዝነስ ተማሪዎች የሚማሩበት አሮጌ ሕንፃ።

የእኔ ሥራ አዲስ ገቢ ተማሪዎችን መቀበል ነው። ክፍላቸውን አሳያለሁ፣ ከመምህራኖቻቸው ጋር አስተዋውቃለሁ፣ የጠፋ ካለ ደውዬ "የት ገባህ?" እላለሁ። ዲኑ በየስብሰባው የማይቀይራት አንዲት ዘፈን አለችው።

"ተማሪዎቹ አይሳተፉም! ገና በመጀመሪያው ወር ይጠፋሉ! አነቃቂያቸው እንጂ!"

ምን ላድርግ ታዲያ፣ ከበሮ ልምታላቸው?

በዚያ ዓመት ግን ነገሩ ከሥራም በላይ ነበር። የእህቴ ልጅ ከአዲሶቹ ተማሪዎች አንዷ ነበረች።

"ድንቢጤ" ነው የምላት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይናፋር ናት። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች፣ ሰው መሃል ስትቆም ላብ ያጠምቃታል። እህቴ ልትለየን ስትል እጄን ያዘች።

"እህት ዓለም፣ ያለችኝ እሷ ናት። አደራ።"

"ምን ትሆናለች ብለሽ ነው? ዩኒቨርሲቲ እኮ ነው፣ ጫካ አይደለም።"

"አደራ ነው ያልኩሽ።"

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ... ተቀበልኩ።

አሁን የጉብኝታችንን አሠራር ልንገራችሁ። ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው።

እኔ ከፊት እመራለሁ። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ከመጨረሻው ተማሪ ኋላ ይከተላል። ክፍሎቹን ጥበቃው ጠዋት ከፋፍቷቸው ይሄዳል፤ ተማሪዎቹ አይተው ሲወጡ የሚቆልፈው ባልደረባዬ ነው። መተላለፊያው ጠመዝማዛ ስለሆነ እሱ አይታየኝም። ስለዚህ በየመታጠፊያው እጣራለሁ።

"ጅራት፣ አለህ?"

"አለሁ!" ይላል።

ይህን ከሰማሁ ከኋላ የቀረ ሰው የለም ማለት ነው።

ባልደረባዬ ቀልደኛ ነው። "ስንት ዓመት ተምሬ፣ ጥቁር ጋዎን ለብሼ ተመርቄ፣ ጅራት ሆኜ ልቅር?" ይላል። እኔም "ምን ይደረግ፣ ጭንቅላቱ ተይዟል" እለዋለሁ።

በዚያን ጠዋት ድንቢጤን ለብቻዋ ጠራኋት።

"ሰው መሃል ከጨነቀሽ ከኋላ ሁኚ። ጅራታችን ደግ ሰው ነው። ከጎኑ አትራቂ።"

ራሷን ነቀነቀች።

ሰዓቱ ደረሰ። ባልደረባዬን አላየሁትም። ማርፈድ ልማዱ ስለሆነ ከኋላ ይቀላቀላል ብዬ ጉብኝቱን ጀመርኩ።

ከመጀመሪያው ክፍል ወጥተን ስንታጠፍ ተጣራሁ።

"ጅራት፣ አለህ?"

"አለሁ!"

ደረሰልኝ ማለት ነው። ወዲያው ከኋላችን የበሩ ቁልፍ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

ኮምፒውተር ክፍሉን አሳይቼ ወጣን።

"ጅራት፣ አለህ?"

"አለሁ።"

ድምፁ ትንሽ ሻክሯል። ከትናንት ጀምሮ ጉንፋን ይዞት ስለነበር ነገሬም አላልኩት። አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ... ሁልጊዜ "አለሁ፣ ምን አባቴ እሆናለሁ!" ብሎ ተማሪዎቹን ያስቃል። ዛሬ ማንም አልሳቀም።

ቀጭ።

ወደ ምድር ቤት ወረድን። እዚያ ትልቁ አዳራሽ አለ፤ ከአዳራሹ ቀጥሎ ረጅም ጠመዝማዛ መተላለፊያ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ ደግሞ ወደ ግቢው የሚያወጣ በር።

ተማሪዎቹ ወደ እኔ መጠጋት ጀመሩ። መጀመሪያ ጥቂቶቹ፣ ከዚያ ሁሉም። ሲገፋፉ ተረከዜን የሚረግጡኝ አሉ። ከኋላ የነበሩት ሳይቀሩ ፊት መጥተው ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ።

ሞኝነቴን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። "እንዴት ያሉ ንቁ ልጆች ናቸው! ዲኑ መጥቶ ባየልኝ" እያልኩ ነበር በልቤ።

ከአዳራሹ ወጥተን መተላለፊያውን እንዳጋመስን ልጣራ አፌን ከፈትኩ።

"አለሁ።"

ገና ሳልጣራ መለሰ።

ያኔ መነጽር ያደረገች አንዲት ተማሪ እጅጌዬን ሳብ አደረገችኝ።

"ቲቸር... እኚያ ከኋላ ያሉት ሰውዬ ማን ናቸው?"

"ጅራታችን ነው!" ብዬ ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም።

"ታዲያ ለምንድነው ጀርባቸውን ሰጥተውን የሚሄዱት?"

"እንዴት ማለት?"

"ፊታቸውን አላየንም። ጀርባቸው ነው የሚከተለን።"

"ቀልደኛ ስለሆነ ነው" አልኳት። ግን የራሴ ድምፅ ሲቀጥን ይሰማኛል...

ስልኬ ጠራ። ባልደረባዬ ነው።

"አለቃ፣ እንዳትቆጪኝ። ጎማ ፈንድቶብኝ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጉብኝቱን ጀመርሽ እንዴ?"

ስልኩን ይበልጥ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

"ሄሎ? ቁልፉ እኔ ጋ ነው። በሮቹን ገርበብ አድርገሽ ተያቸው፣ ስመጣ እቆልፋለሁ።"

"አንተ... አትቀልድ። የት ነህ?"

"መንገድ ላይ አልኩሽ እኮ! የመኪናው ጡሩምባ አይሰማሽም?"

ይሰማኛል። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ፣ ቀስ ብዬ...

"ጅራት... አለህ?"

"አለሁ።"

ከመተላለፊያው ውስጥ ነው የመጣው። በባልደረባዬ ድምፅ።

ስልኩ ውስጥ ያለው ባልደረባዬም ሰማው። ከዚያ በሹክሹክታ፣

"ማነው እሱ?... ድምፁ የእኔ እኮ ነው።"

ተማሪዎቹን አየሁ። ሁሉም ፊቴ ተኮልኩለዋል። እያንዳንዱን ፊት ተራ በተራ ፈለግኩ።

ድንቢጤ የለችም።

ከጎኑ አትራቂ ብዬ፣ በገዛ አፌ፣ እዚያ ያቆምኳት እኔ ነኝ። የእህቴ እጅ አሁንም እጄን የያዘኝ መሰለኝ።

"በዚያ በር ወደ ግቢው ውጡ። አትሩጡ" አልኳቸው። ለባለ መነጽሯ ደግሞ፣ "እስክመጣ ማንም ተመልሶ እንዳይገባ።"

ብቻዬን ወደ ኋላ ተመለስኩ።

መብራቱ በርቷል። ከመተላለፊያው ግራና ቀኝ ያሉትን በሮች እየነካካሁ አለፍኩ። ሁሉም ተቆልፈዋል። የአዳራሹ በር ብቻ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውስጡ ግን ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። አሁን ስንወጣ መብራቱን አላጠፋሁትም።

ድንቢጤ ደፉ ላይ ቆማለች። አንድ እግሯ ውስጥ ነው።

ከፊቷ፣ የመተላለፊያው ብርሃን በሚደርስበት፣ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሰፊ ትከሻ፣ ግራጫ ኮት፣ ከማጅራቱ ላይ ሳሳ ያለ ፀጉር... ባልደረባዬን ከኋላ ብታዩት ይኸው ነው።

ልጅቷ እያወራችው ነው። ያቺ ከእንግዳ ጋር ቃል የማትተነፍስ ልጅ፣ ቀስ ብላ፣ ተረጋግታ ታወራዋለች።

"ድንቢጤ... ነይ።"

"መጣሁ አክስቴ። ጋሼን እየጠበቅኳቸው ነው።"

"ምን አሉሽ?"

"መጨረሻ መሆን ሰለቸኝ አሉኝ። መጨረሻ የቀረ ሰው ነው አሉ በሩን ከውስጥ የሚዘጋው።" ዘወር ብላ አየችኝ። "መጨረሻዋ ደግሞ እኔ ነኝ።"

እጇን ይዤ ሳብኳት። ያቺ ላባ የምታክል ልጅ አልነቃነቅ አለች። ሁለተኛው እግሯ ከመሬት መነሳት ጀመረ... ወደ ውስጥ ሊራመድ።

ከዚህ በኋላ ያልኩትን አስቤ አልነበረም ያልኩት። የእናት አደራ ሊበላብኝ ነው፣ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ጮህኩ።

"መጨረሻዋ እሷ አይደለችም! እኔ ነኝ! መጨረሻዋ እኔ ነኝ!"

ሰውዬው ሳይዞር...

"እሺ" አለ።

የባልደረባዬ ድምፅ አልነበረም። የሴት ድምፅ ነበር። የማውቀው ድምፅ ነው፤ የማን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልመጣልኝም።

የልጅቷ እጅ ላላ።

"ቅደሚ" አልኳት በሹክሹክታ። "ወደ ኋላ አትዪ። ቅደሚ ብቻ።"

እሷ ወደ መውጫው ሄደች። እኔ ዓይኔን ከዚያ ጀርባ ላይ መንቀል ስለፈራሁ፣ የኋሊት እየተራመድኩ ተከተልኳት።

ግማሽ መንገድ ላይ ነው የገባኝ። ጀርባዬን ለልጅቷ ሰጥቼ እየተከተልኳት ነበር።

የአዳራሹ በር ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ቀጭ።

ባልደረባዬ በኋላ ደርሶ በሮቹን አንድ በአንድ ሞከራቸው። ቁልፉ እሱ እጅ እያለ ሁሉም ተቆልፈዋል። በሳምንቱ ወደ ሌላ የሥራ ክፍል ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ሲያገኘኝ አይቀልድም።

ድንቢጤ? ምንም አልሆነችም። "ያ ደግ ጋሼ የት ሄዱ?" ብላ አንዴ ጠየቀችኝና ረሳችው። እንዲያውም ምላሷ ተፈታ። ጓደኛ አፈራች፣ ክፍል ውስጥ እጇን ታወጣለች። እህቴ በደወለች ቁጥር ትመርቀኛለች። "አደራዬን የጠበቅሽ፣ እጅሽ ይባረክ!"

እኔም እሰይ እላታለሁ። ምን ብዬ ልንገራት?

ዓመቱ ዞረ። የጉብኝቱ ቀን ሲደርስ ፈቃድ ወሰድኩ። ዲኑ ቢያኮርፍም "ሁለተኛ ዓመቶቹ ይመሩታል" አለ። ይምሩት አልኩ፤ ድንቢጤ እንደሆነች ከሰው ፊት መቆም አትወድም ብዬ። ተለውጣ ሳለ፣ እኔ የማስበው ያቺኑ ጓዳ የምትደበቀውን ልጅ ነበር።

እህቴ ቤት ሄድኩ። አልጋው ላይ ቁጭ ብለን የታጠበ ልብስ እያጠፍን ነበር። መስኮቱ ተከፍቷል። አራት ሰዓት አልፏል።

ስልኬ ጠራ። ድንቢጤ ናት። እናቷም እንድትሰማት ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"አክስቴዬ! ላስደንቅሽ ብዬ ነበር የደበቅኩሽ፣ አንቺ ቀደምሽኝ!"

"ምን... ምን አልሽ?"

"ጉብኝቱን የምመራው እኔ ነኝ እኮ! ሰው ፊት ቆሜ እያወራሁ ነው፣ ታምኛለሽ? ፈቃድ ላይ ነኝ ብለሽ አታለልሽኝ አይደል? ከኋላ ድምፅሽን ስሰማ ላለቅስ ነበር።"

እህቴ በእጇ የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች።

"ድንቢጤ፣ ስሚኝ። የት ነሽ?"

"ምድር ቤት። መስመሩ ረዝሞ እንዳይሆን ብዬ ነው የደወልኩት። ቆይ፣ ልጣራ..." ስልኩን ከአፏ ራቅ አደረገችው። "ጅራት፣ አለሽ?"

ከሩቅ፣ ከመተላለፊያው ውስጥ...

"አለሁ!"

የእኔ ድምፅ ነው።

እህቴ ስልኩን አየች። ከዚያ የተዘጋ አፌን አየች።

"ውጪ!" አልኩ። "አሁኑኑ ከዚያ ውጪ!"

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ተማሪዎቹ እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አክስቴ፣ እሺ... ግን እኮ ልጆቹ እየጠየቁኝ ነው። ለምንድነው ጀርባሽን ሰጥተሽን የምትሄጂው?"

ቀጭ።