ሲግል ብቻ የሚጮኽ ፍሬን

«ፍሬን ስይዝ እንደታመመ በግ ያስላል» አላት ቃለ አብ።

ፍቅርተማርያም ከአንድ አይሱዙ ስር ወጥታ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ጉንጯ ላይ ግራሶ ነበር።

«ዶክተር፣ እኔ በግ አላክምም። የፊቱ ነው የኋላው?»

«የፊቱ መሰለኝ።»

«በመሰለኝ ጎማ አይፈታም። ቁልፉን ስጠኝ።»

ቃለ አብ የእንስሳት ሐኪም ነው። የሚሠራበትን ፕሮጀክት ላንድክሩዘር ራሱ እየነዳ ከደብረ ብርሃን በአንኮበር አድርጎ አልዩ አምባ ድረስ ይወርዳል፤ ከብትና በግ ይከትባል። እሷ ደግሞ ሜካኒካል ምህንድስና ተመርቃ፣ ቢሮ እስኪገኝ ከመጠበቅ ቱታ መልበስ የመረጠች፣ የጋራዡ ብቸኛ ሴት ናት። መኪናውን በከተማው ሜዳ እስከ ጠባሴ ነድታ መለሰችው። ፍሬኑ ትንፍሽ አላለም።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። የፍሬኑን ሸራ ፈትታ አጸዳች፣ ነድታ ሞከረች። አሁንም ዝም።

በሦስተኛው ሳምንት ገና በሩን ሲያልፍ ከወዲያ ማዶ አንዱ መካኒክ «የዶክተሩ መኪና ዛሬም ልቧን አሟታል» አለ። ጋራዡ በሳቅ ተሞላ። ፍቅርተማርያም የያዘችውን መፍቻ ወርውራ ወደ ውጭ ወሰደችው።

«ስማ፤ እነዚህ ሰዎች ሙያዬን እንዲያዩልኝ ስንት ታግያለሁ። አንተ በሌለ ድምፅ መሳቂያ አደረግኸኝ። ሁለተኛ እንዳትመጣ።»

«ድምፁ አለ።»

«የት ነው ያለው?»

«ቁልቁለቱ ላይ። ሰኞ ሰዎች ጭኜ የምወርደው በዚሁ ፍሬን ነው።»

ትክ ብላ አየችው። ፍርሃቱን ያየችበት መሰለው።

«እሁድ የራሴ ቀን ነው፤ እመጣለሁ። ካልጮኸ ግን በእግርህ ትመለሳለህ።»

እሁድ አንኮበርን አልፈው ቁልቁለቱን ጀመሩ። መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፍታ ጭንቅላቷን ወደ ውጭ አወጣች፤ ብርዱን ከቁብ አልቆጠረችውም።

«ቀስ አድርገህ ያዝ... ልቀቅ... አሁን ጠበቅ።»

ምንም የለም። ቃለ አብ በልቡ ጸለየ። ፍሬኑ እንዲጮኽለት የጸለየ ሹፌር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ግማሹን እንደ ወረዱ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ከዚያ ከፊት ጎማው ወፍራም ማቃሰት መጣ። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ እሱ የታመመች ላም ደረት ላይ ጆሮውን ሲጥል እንደሚያዳምጠው። እንዲህ አድርጎ የሚሰማ ሰው አይቶ አያውቅም።

«ሲግል ነው የሚጮኸው» አለች ፈገግ ብላ። «ጠባሴ ሜዳ ላይ መቼ ይግላል?»

ከቁልቁለቱ ስር ያለው ወንዝ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቃለ አብ እንደ ልማዱ ጄሪካኑን ሞልቶ ወደ ጎማው ሄደ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላቀዝቅዘው። በወረድኩ ቁጥር ውሃ አጠጣዋለሁ። ሹፌሮቹ ናቸው ያስተማሩኝ።»

«በወረድክ ቁጥር?»

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጎማው በራሱ ጊዜ ሲቀዘቅዝ ክሪክ አስገብታ ፈታችውና በስልኳ መብራት አሳየችው። የፍሬኑ ዲስክ ላይ ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ነበሩ።

«እንደ እሳት በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ። በሽተኛውን የጎዳው ሐኪሙ ራሱ ነው።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ውሸታም መስለኸኝ ነበር። ይቅርታ።»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ያተርፍ ነበር። አላስቻለውም።

«ድምፁ እውነት ነው። ግን ፕሮጀክታችን የራሱ ጋራዥ አለው። ሦስት ጊዜ ወደ አንቺ ያመጣኝ ፍሬኑ ብቻ አይደለም።»

የጎማውን ብሎን አንድ በአንድ አጥብቃ ጨረሰች።

«ዲስኩን እኔ እቀይረዋለሁ። ከዚያ በኋላ መኪናህን ዋናው መካኒካችን ጋሽ ብርሃነ መስቀል ይያዙልህ። ደንበኛዬን በሌላ ዓይን ማየት አልችልም።»

«ከዚያስ?»

«መምጣት ከፈለግህ ያለ መኪና ና።» የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ወሰደች። «ዳገቱን እኔ እነዳለሁ።»

ዲስኩ ተቀየረ፤ ቁልቁለቱም ጸጥ አለ። በቀጣዩ ቅዳሜ ቃለ አብ በእግሩ ወደ ጋራዡ ገባ። መዶሻው ሁሉ ቆመ።

«ዶክተር፣ መኪናዋስ?» አሉ ጋሽ ብርሃነ መስቀል።

«ደህና ናት፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ፈልገህ ነው?»

ቃለ አብ ወደ ፍቅርተማርያም ተመለከተ። ሳቁ የሚያርፈው በእሷ ላይ እንደሆነ ያውቃል።

«እኔን ፈልጎ ነው፣ ጋሼ» አለች ፍቅርተማርያም፣ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ። «ምሳ ልንበላ ነው። መሳቅ የሚፈልግ አሁን ይሳቅ፤ ስመለስ ሥራ አለብኝ።»

ማንም አልሳቀም። እጇን በጨርቅ ጠራርጋ ክንዱን ያዘች።

በዓመቱ ሽማግሌ ወደ ቤቷ ሲላክ ከፊት የቀደሙት ጋሽ ብርሃነ መስቀል ነበሩ። አባቷ «ልጁን በምን አወቃችሁት?» ብለው ጠየቁ።

«ስንስቅበት አይተነዋል» አሉ ጋሽ ብርሃነ መስቀል። «ቃሉን አልቀየረም።»