አመዱ ላይ የፈሰሰው ውሃ

«አንቺ፣ እስቲ ግንባሬን እይልኝ» አለች ግሬታ፣ የምሳ ትሪዋን የትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ጥላ ጸጉሯን ወደ ላይ እየሰበሰበች። «አመዱን ከጠረግኩት በኋላ እንኳ ያቃጥለኛል።»

ታምሲን ቀና ብላ አየች። ዕለቱ ጾም የሚገባበት የአመድ ረቡዕ ነው፤ ጠዋት ከትምህርት በፊት ቄስ ሮዛሊንድ በአውራ ጣታቸው በአመድ የሳሉባት ጥቁር መስቀል ጠፍቷል። በቦታው ግን በዚያው ቅርጽ ቀይ መስቀል ወጥቷል፤ ጫፉ ላይም ትንሽ ውሃ ቋጥሯል።

«ምንም አይደል፣ ትንሽ ቀልቷል» አለች ታምሲን።

«ትንሽ? የሒሳብ አስተማሪው ‹በምን ተተኮስሽ?› ብሎኛል እኮ! ያንቺስ?»

ታምሲን የሹራብ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባዋለች። ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ግንባሯ ሲለበልባት ነው የዋለው። ምክንያቱንም ታውቃለች። በዚያች የሐይቅ ዳር ከተማ ምክንያቱን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ትናንት፣ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የፓንኬክ ማታ ነበር። በዚያ ማታ በቅዱስ በርናባስ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል ሁሉም ሆዱ እስኪነፋ ፓንኬክ የሚባለውን በመጥበሻ የሚጋገር ቂጣ ይበላል። ወጣቶቹ ደግሞ መጥበሻ ይዘው፣ ፓንኬኩን ወደ ላይ እየወረወሩ እየቀለቡ፣ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሽቀዳደማሉ። ታምሲን ሁለት ዓመት ተከታትላ በግሬታ ተሸንፋለች። አሥራ አራት ዓመቷን በያዘችበት በዘንድሮው ግን እንደማትሸነፍ ምላ ነበር።

ውድድሩ ሊጀመር ሲል ሚስስ ትሬሎር ጠሯት። ሚስስ ትሬሎር ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የረቡዑን አመድ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍም ከአንገታቸው አይወርድም። ምእመናኑ የአምናውን የሆሳዕና ዘንባባ ከየቤታቸው ይመልሳሉ፤ እሳቸው ከአዳራሹ ጀርባ፣ በረዶው ላይ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ያቃጥሉትና በወንፊት ይነፉታል። ዘንድሮ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማሸቱን ለታምሲን ሰጧት።

«በዘይት ነው የምታሺው፤ ጠብ፣ ጠብ እያደረግሽ» አሏት። «ውሃ እንዳታስነኪው። ውሃ የነካው አመድ ቆዳ ይበላል። ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ፣ ሚስስ ትሬሎር።»

እውነትም ሰምታለች። ግን የዘይቱ ጠርሙስ ውስጥ የቀረው ሁለት ጠብታ ነበር። አዲሱ ያለው ምድር ቤት፣ ከእነዚያ ሁሉ የገና ዕቃዎች ጀርባ ነው። ከአዳራሹ የግሬታ ድምፅ መጣ፦ «ታምሲን! ፈርተሽ ነው አይደል? ልንጀምር ነው!» ታምሲን የአሮጊት ጥንቃቄ ነው ብላ ቧንቧውን ከፈተችና አንድ ማንኪያ ውሃ ጨመረች። አመዱ ሙክክ ብሎ፣ ጠቁሮ፣ ያማረ ሆነ።

«በዘይት አሸሽው?» አሉ ሚስስ ትሬሎር ከበሩ ላይ።

«አዎ» አለችና ሮጠች። ውድድሩንም አሸነፈች።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የታምሲን ውሸት ግን አድሮ ጭራሽ ከበደ። ያ አመድ ሌሊቱን ከነውሃው ሲብላላ አድሮ ጠዋት ግንባር ላይ ወጣ፤ አሁን ደግሞ የቀትሩ ጸሎት ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። እናቷና የስድስት ዓመት ወንድሟ ኤሊስ እዚያ ናቸው። ስልኳን አወጣች። «አመዱን አትቀቡ» ብላ ጻፈች። እናቷ «እንዴት አወቅሽ?» ትላለች። ታዲያ ምን ልትል ነው? የጻፈችውን አጠፋችና ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

«ምን ሆነሻል?» አለች ግሬታ።

«ምንም።»

ከትምህርት ስትመለስ ኤሊስ ሶፋው ላይ ተንጋሏል፤ ግንባሩ ላይ እርጥብ ፎጣ አለ። ፎጣው ሲነሳ ያየችው ነገር አንጀቷን በላት። የልጅ ቆዳ ስስ ነው፤ መስቀሉ እንዳለ አብጦ ውሃ ቋጥሯል።

«እግዚአብሔር ተቆጥቶኝ ነው?» አላት ኤሊስ።

«አይደለም! አንተን ማን ይቆጣሃል?»

«ሐኪሙ ይድናል ብሏል» አለች እናቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከሃያ ሰው በላይ ነው እንዲህ የሆነው። ምስኪን ሚስስ ትሬሎር! መርሳት ጀምረዋል ሲባል አላምንም ነበር።»

ታምሲን ፎጣውን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ወንድሟ ግንባር ላይ መልሳ አኖረችው።

የማታው ጸሎት ላይ መስቀል ተሸካሚዋ እሷ ስለሆነች ቀደም ብላ መሄድ ነበረባት። ግሬታም ከመዘምራኑ አንዷ ስለሆነች አብረው በበረዶው መሀል ሄዱ። መንገድ ላይ አላስችል አላትና ነገረቻት።

ግሬታ ቀጥ ብላ ቆመች። «ግንባሬን የጠበሽው አንቺ ነሽ?»

«ይቅርታ።»

«ወይ ጉድ!» ግሬታ ትንሽ ሄደችና ዞረች። «በቃ ዝም በይ። አታካብጂ። ማንም አልሞተም፤ በሳምንት ይድናል። አሮጊቷንም ማንም አይቆጣቸውም፣ አርጅተዋላ!»

ምክሩ የሚጥም ነበር። ታምሲን ልትውጠው ሞከረች።

የዕቃ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። የአገልግሎት ነጭ ቀሚሷን ልትወስድ ስትጠጋ ድምፅ ሰማችና ቆመች። ቄስ ሮዛሊንድ፣ የመሠዊያ ማኅበሩ ሰብሳቢ ሚስስ ኬንደል፣ እና ካፖርታቸውን ያላወለቁት ሚስስ ትሬሎር ነበሩ።

«ማንም አልወቀሰሽም፣ ኤልስፔት» አሉ ሚስስ ኬንደል፣ ሚስስ ትሬሎርን በስማቸው ጠርተው። «ግን ባለፈው ወርም የአዳራሹን ምድጃ ሳታጠፊ ወጥተሻል።»

«የምድጃውን አልክድም።»

«ልጅቷ ተሳስታ ቢሆንስ?» አሉ ቄስ ሮዛሊንድ። «ታምሲንን ልጠይቃት።»

«እኔ እዚያው ጠይቄያታለሁ» አሉ ሚስስ ትሬሎር። «በዘይት ነው አለችኝ። ያቺ ልጅ ደግሞ አትዋሽም። ስለዚህ ከእሷ በኋላ ውሃ የጨመርኩበት እኔ ነኝ ማለት ነው። መጨመሬን ግን አላስታውስም። እጄን አላስታውስም፣ ቧንቧውን አላስታውስም። የባሌም መርሳት እንዲህ ነበር የጀመረው።» ከአንገታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲያወልቁና ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ተሰማ። «ለልጄ ለሜሪዲት ደውያለሁ። ቅዳሜ መጥታ ትወስደኛለች። ቤቱን እንሸጠዋለን።»

በሩ ተከፈተና ሚስስ ትሬሎር ፊት ለፊቷ ቆሙ። የታምሲንን ኮፍያ በአንድ ጣታቸው ከፍ አድርገው ግንባሯን አዩ።

«አንቺንም?» አሉ። «ቅባት ቀቢው። ይቅር በይኝ፣ የኔ ልጅ።»

«ምንም አይደል» አለች ታምሲን።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷን ጠላች። ሴትዮዋ ግን ኮሪደሩን ጨርሰው፣ ግድግዳውን ይዘው ወጥተው ነበር።

ጸሎቱ ተጀመረ። ታምሲን መስቀሉን ይዛ ከፊት ሄደች፤ ከዚያም ቦታዋ ላይ ተንበረከከች። ቄስ ሮዛሊንድ የኑዛዜውን ጸሎት ሲመሩ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ይመልሳል፤ በድለናል፣ ዋሽተናል፣ ባልንጀራችንን አሳዝነናል። ታምሲንም አብራ አለች። ከሰው ጋር ሲባል ምንም አይከብድም። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ «ዋሽተናል» ብሎ ሲያበቃ ቤቱ ገብቶ ሾርባውን ይጠጣል።

ቀና ስትል በግራ በኩል ሦስተኛው ወንበር ባዶ ነበር። የሚስስ ትሬሎር ቦታ ነው። በዚያ ቦታ እሳቸው ሳይኖሩ የአመድ ረቡዕ ሲጸለይ አይታ አታውቅም።

ሰዉ ከሰዓት በኋላ በዘይት ለታሸው አዲስ አመድ መሰለፍ ሲጀምር ታምሲን ተነሳች። ግሬታ ከመዘምራኑ መሀል ዓይኗን አፍጥጣ «ወዴት?» የሚል ምልክት ሰጠቻት። ታምሲን አልመለሰችላትም። ካፖርት እንኳ ሳትደርብ፣ ከነነጭ ቀሚሷ፣ በጎን በር ወጣች።

የሚስስ ትሬሎር ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ሦስተኛው ነው። በሩን ሲከፍቱላት ገርመም አድርገው አዩዋት።

«ጸሎት ትተሽ? ግቢ፣ ብርድ ይገድልሻል።»

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና እርሳስ ነበር። በወረቀቱ ላይ ስሞች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ተሰርዘው እንደገና ተጽፈዋል።

«ከተጠመቅኩ ጀምሮ ያገለገሉን ቄሶች ናቸው» አሉ ሚስስ ትሬሎር፣ ዓይኗን ተከትለው። «አሥራ አንድ ናቸው። ዘጠኙን አግኝቻለሁ። ከሰዓት ጀምሮ ተቀምጬ ሁለቱ እንቢ አሉኝ።»

«ሚስስ ትሬሎር፣ ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ሚስስ ትሬሎር ወረቀቱን ገፋ አደረጉት።

«ድገሚው።»

«እኔ ነኝ። ከቧንቧው፣ አንድ ማንኪያ። ዘይቱ አልቆ ነበር፤ ውድድሩ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። ሲጠይቁኝም ዋሸሁ። እርስዎ ምንም አልረሱም።»

ሚስስ ትሬሎር ወንበሩን ዳብሰው ተቀመጡ። መጀመሪያ ሳቅ አሉ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። ታምሲን እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ከዚያ አሮጊቷ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፤ ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ምሕረት አልነበረም።

«ቀኑን ሙሉ አእምሮዬን ስበረብር ነው የዋልኩት። በስልክ ስነግራት ልጄ አለቀሰች። ታውቂያለሽ? ሠላሳ አንድ ዓመት የያዝኩትን ቁልፍ በገዛ እጄ አስረክቤ መጣሁ። አንቺ ደግሞ በሩ ላይ ቆመሽ ‹ምንም አይደል› አልሽኝ።»

«ይቅርታ ያድር—»

«ይቅርታሽን ያዢው። አሁን አልፈልገውም።»

ታምሲን አላለቀሰችም። እሳቸው ፊት ማልቀስ ነውር መሰላት።

«ሂጂ» አሉ ሚስስ ትሬሎር በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝሎ። «ወደ ጸሎትሽ ተመለሺ። የሰው ልጅ በአደባባይ አላሳጣም። እኔ አውቄዋለሁ፤ ይበቃኛል።»

በሩ ከኋላዋ ነበር። ወጥታ ብትሄድ ማንም አይጠይቃትም። ነግራቸዋለች፤ ሆዷ ትንሽ ቀሎታል፤ ግሬታም ትስቅና ታልፈዋለች። ታምሲን እጀታውን ያዘች።

ቅዳሜ ሜሪዲት ትመጣለች። ሚስስ ትሬሎር «እኔ አልነበርኩም» ይሏታል። ሜሪዲትም እናቷን አቅፋ፣ ለሕፃን እንደሚባለው፣ «እሺ እማዬ፣ እሺ» እያለች ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። ማን ያምናቸዋል?

እጀታውን ለቀቀችው።

«የልጅዎን ስልክ ይስጡኝ» አለች። «እርስዎ ቢነግሯት አታምንዎትም።»

ሚስስ ትሬሎር ጠረጴዛውን ይዘው ተነሱ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ስልኩን አንስተው፣ ወረቀት ሳያዩ፣ አሥሩንም ቁጥር አንድ በአንድ ደወሉና መነጋገሪያውን ሰጧት። ጠራ። ሁለቴ ጠራ። ታምሲን ጠረጴዛውን ተደገፈች።

«እማዬ? ደህና ነሽ?» አለ በወዲያ በኩል የተጨነቀ የሴት ድምፅ።

«እናትዎ አይደለሁም» አለች ታምሲን። «ታምሲን እባላለሁ፤ ከቅዱስ በርናባስ። ስለ አመዱ ነው። እባክዎ እስክጨርስ ይስሙኝ፤ ከዚህ በኋላ ለቄስ ሮዛሊንድና ለወንድሜም መንገር አለብኝ።»