ውሃ ሊማር የሄደው

ደርግ በነገሠበት ዘመን፣ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ከመርሳ ልጃገረዶች እንደ ሲቲ የሚኮራ አልነበረም፤ ደግሞም ያምርባታል። ምላሷም ከመልኳ አያንስም። ከአባቷ የመስኖ ማሳ የተለቀመ ፓፓያ ይዛ መንገድ ዳር ስትቀመጥ፣ በዋጋ የተከራከራት ሾፌር አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ አውቶቡስ አጠገቧ ጎማው ፈነዳ። ከወረዱት አንዱ፣ ቀጭን ባለመነጽር፣ ውሃ ለመናት። በጣሳ ሰጠችው። ሳይጠጣ ትክ ብሎ ያየው ጀመር።

«ጠጣው እንጂ! ታነበዋለህ እንዴ?»

«ሥራዬ እሱ ነው» አላት፣ ሳይስቅ።

አብዱልሐሊም ይባላል። የወልድያ ልጅ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ አስተማሪ፤ ክረምቱ ሲያልቅ ለትምህርት ሌኒንግራድ ሊሄድ ነው። ጎማው እስኪቀየር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አጫወታት። የውሃ ቅንጣቶች ጎረቤት ለጎረቤት ይያያዛሉ፤ የሚያያይዛቸውም ሃይድሮጅን የሚባለው ነው። ያንን የሚመረምር ኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ጎተራ የሚያህል ማግኔት።

«ውሃውን ማግኔቱ መሀል አስገብተን በሬዲዮ ሞገድ እንጠይቀዋለን። ሃይድሮጅኑ ተይዞ እንደሆነ፣ ጠብቆ ወይ ላልቶ እንደሆነ፣ ከመልሱ ይታወቃል።»

«እኔንስ ብትጠይቀኝ?»

ቀና ብሎ አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ሁለቱም አልሰሙም።

ከዚያ ወዲያ ከወልድያ መርሳ መመላለስ ሆነ ሥራው። ፓፓያ የማይወድ ሰው ፓፓያ ሲገዛ ከረመ። ነሐሴ ላይ ሽማግሌ ላከ።

በአገሩ ወግ ሽማግሌ ሲሄድ አግቢው ቤቱ ይቀመጣል። ሽማግሌ ደግሞ ይመለሳል፣ እንደገና ይመለሳል፣ በሦስተኛው እሺ ይባላል። የሲቲ አባት አቶ ሙሐመድዘይን በልባቸው ፈቅደዋል፤ ወጉን እየጠበቁ ነበር እንጂ። በሦስተኛው ቀን ግን አብዱልሐሊም የመሄጃው ጊዜ ደርሶበት አላስችል አለውና ሽማግሌዎቹን ተከትሎ መጣ። ሲቲ በመጋረጃው ቀዳዳ ታየዋለች።

«ለመሆኑ ልጁ ምን ሊማር ነው ባሕር የሚሻገረው?» አሉ አባቷ።

«የውሃ ነገር ነው» አሉ ሽማግሌው አቶ ሞገስ፣ ቶሎ ብለው።

ይበቃ ነበር። የተማረ ሰው ግን ሁሉን ይማርና አፍ መዝጋት አይማርም።

«ውሃ እንዴት እንደሚያያዝ ነው አባቴ፤ እንዴት እንደሚለቅም» አለ አብዱልሐሊም። «አንዱ ሌላውን ይይዛል፣ ዓይን ሳይርገበገብ ይለቀዋል፣ ሌላ ይይዛል። እኔ በተለይ የማጠናው መልቀቁን ነው።»

አቶ ሞገስ ክንዱን ጎተቱት። ኒካህ በሚጠየቅበት ጉባኤ የመለያየት ቃል አይነሣም። ከተነሣ ፋል ነው፤ የሚመጣውን መናገሪያ።

«አላህ ነው ያናገረው» አሉ አቶ ሙሐመድዘይን እየተነሡ። «ለሚለቅ ሰው የምሰጠው ልጅ የለኝም።»

አቶ ሞገስ ቢለምኑ፣ ቢነሡ ቢወድቁ፣ ወይ ፍንክች።

አብዱልሐሊም በሚሄድበት ቀን አውቶቡሱ መርሳ ሲቆም ወረደ። ሲቲ ቆማ ጠበቀችው።

«ምናለ ያን ቀን ዝም ብትል?»

«አባትሽ ጠየቁኝ፤ እንዴት ልዋሽ?»

«እንግዲያ እውነትህን አግባት!» አለችው። ከዚያ ድምጿ ሰለለ። «ውሰደኝ። አሁን፣ በዚሁ አውቶቡስ።»

«የመውጫ ፈቃዱ ለአንድ ሰው ነው፣ ሲቲዬ። አዲስ አበባ ላይ ጥዬሽ ልሄድ?»

«ቅር ታዲያ!»

«መንግሥት ላከው፣ እንቢ አለ ይሉኛል። ምን እንደሚከተል ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። በዚያ ዘመን ይህን ሕፃንም ያውቃል።

«ጠብቂኝ» አላት።

«አባቴ ለአንድ የውርጌሳ እህል ነጋዴ ሊድሩኝ ቃል ሰጥተዋል። ኒካሁ መስከረም ላይ ነው። ዛሬ ምን ትለኛለህ?»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መናገር ባለበት ቀን ዝም አለ። ሾፌሩ ተጣራ፤ ሄደ።

የውርጌሳው ባሏ ደግ ወጣ። አልመታት፣ አልሰደባት፤ ፊቷን አዙራ ስታለቅስ እንኳ ለምን ብሎ አልጠየቃት። ሲቲን የጨረሳት ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን የምትጠላው ሰው በኖራት።