የጋሼ ኢርፋን ሰባት ቁርስ

በርበሬ በረንዳ ውስጥ እንባ ማስረጃ አይሆንም። ገዢውም ሻጩም፣ መንገድ ስቶ የገባውም ዓይኑን እየጠራረገ ነው የሚያልፈው። ኢንስፔክተር ጤናዬ ይህን አሳምራ ስለምታውቅ፣ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከመኪናዋ ወርዳ በለቀስተኛው መሃል ስታልፍ የማንንም ፊት አላየችም። እጅ እጃቸውን ነበር የምታየው። ሰው ፊቱን ማስተካከል ይችልበታል፤ እጁን ግን ይረሳዋል።

የሞቱት ጋሼ ኢርፋን ናቸው፤ የሃምሳ ስምንት ዓመት የቅመም ጅምላ ነጋዴ። ከሁለት ወር በፊት ልባቸውን ታመው፣ በተዘጉት የደም ሥሮቻቸው ውስጥ ስቴንት የሚሉት ቀጭን የሽቦ ቱቦ ገብቶላቸው ድነው ነበር። ዛሬ ጠዋት ሱቃቸው በራፍ ላይ፣ ሚስታቸው ከላከችው ፔርሙስ ሻይ ቀድተው ሁለቴ ፉት አሉና ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። በቃ፣ ያው ነው። ሬሳው ከሱቁ ጀርባ ታላቅ እህታቸው እትዬ ሐጀራ ቤት ገባ። ሊታጠብ ውሃ ሲቀርብ ግን እኚሁ እህት በሩ ላይ ቆመው፣

«ወንድሜን በመርዝ ነው የገደለችው! ፖሊስ ሳያየው ማንም አይነካውም!» አሉ።

እንግዲህ ሙስሊም ሬሳ አያቆይም። ከሰዓት በኋላ እስከሚሰገደው የአስር ሶላት ድረስ የሞቱ ምክንያት ካልታወቀ ግን ሬሳው ሆስፒታል ሄዶ ይከፈታል፤ ሚስቲቱ ናኢማም ጣቢያ ትገባለች።

«ኢንስፔክተር፣ እኔን ውሰጂኝ፤ እሱን ግን አታስቀድጂብኝ» አለች ናኢማ፣ የጤናዬን ክንድ ይዛ። «አንዴ በሽቦ ገብተውበታል። ይበቃዋል።»

«ሻዩን ማን አፈላው?»

«እኔ።»

«ከእሱ ሌላ የጠጣ አለ?»

«እኔ አለሁ» አለ ፉርቃን፣ የሟቹ የአባት ልጅ ታናሽ ወንድምና የሱቅ ሸሪክ። «እንዲያውም ከሱ ቀድሜ ነው የጠጣሁት። ይኸው ቆሜያለሁ። መርዝ ሰጠችው አልልም። ግን አንጀቴ አርሯል! ሦስት ደም ሥር ነው የተዘጋበት። ሐኪሙ ራሱ ‹ቀዶ ጥገናው ከባድ ነው፣ ወር ሁለት ወር ያስተኛል፤ ለሦስት ደም ሥር ግን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው› ብሎናል። በሽቦ ይከፈት ያለችው እሷ ናት።»

«በሁለት ቀን ቤቱ ይገባል ስላሉኝ ነው!» አለች ናኢማ። «ደረቱ በመጋዝ ሲከፈት ታየኝና ፈራሁ። ፈራሁ አልኳችሁ እኮ! መፍራት ወንጀል ነው?»

«እትዬ ሐጀራስ ምን ይሉ ነበር?»

«እሳቸው ቢላዋውንም ሽቦውንም አልወደዱም። ‹በሚዋጥ መድኃኒትና በምግብ ይታከም፤ የአላህን ሥራ አትነካኩ› ነበር የሚሉት» አለች ናኢማ።

ሦስት ሰው፣ ሦስት መንገድ። ሦስቱም ሰውየውን ከልባቸው ይወዱታል፤ መከራውም እዚያ ላይ ነው። የሚጠላው ቢኖር ኖሮ ጤናዬ እስከ ምሳ ሰዓት ጨርሳ ትሄድ ነበር።

«ስቴንቱ ከገባ በኋላ የታዘዘለት መድኃኒት የለም?»

«እንዴት የለም! በየቀኑ ሁለት የደም ማቅጠኛ፣ አንዷ ሮዝ፣ አንዷ ነጭ። እስከ ዓመት ድረስ አንድም ቀን እንዳይዘለል ብለውኛል። የሚውጠው ቁርስ ከበላ በኋላ ነው፤ ቁርሱን ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ እትዬ ሐጀራ ጋ ነው የሚበላው። ይህን ያስተወው ሰው የለም፤ እኔም አልሞከርኩም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በወረቀት ጠቅልዬ ኪሱ እከትለታለሁ። ቤት ሄደሽ ቁጠሪው።»

ባልደረባዋን ልካ አስቆጠረች። አንድም የጎደለ፣ አንድም የተረፈ የለም።

«ደሙን በደንብ ያቀጥነው ነበር?»

«ኧረ ተይኝ! የዛሬ ሦስት ሳምንት ጢሙን ሲላጭ ምላጭ ነካ ቢያደርገው አንድ ሰዓት ሙሉ ጥጥ ይዤ ቆሜያለሁ።»

ከዚያ ጤናዬ ወደ እትዬ ሐጀራ ሄደች። አሮጊቷ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንድ እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ያሻል፣ ያሻል፣ አይለቅም።

«ወንድምዎን ያሳደጉት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«እናታችን ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። እዚህ ጀርባዬ ላይ ነው ያደገው። እሱን ላሳድግ ብዬ ባልም አላገባሁ።»

«ትናንት እንዴት ነበር?»

«ደኅና ነበር! ‹እትዬ፣ ትከሻዬ ቀለለኝ› ነው ያለኝ። አሁን ምን ሆነና ይሞታል? ያቺ ካልነካካችው በቀር?»

ጤናዬ አልተከራከረቻቸውም። ሬሳው ወዳለበት ጓዳ ስትገባ ጠይብ የሚባሉት ሬሳ አጣቢ ሽማግሌ ጠሯት። «ልጄ፣ እኔ የሞተ ሰው ገመና አላወጣም። ግን ሰው ያለ ጥፋቱ ከሚታሰር ጀርባውን እይው» ብለው ጨርቁን ከሬሳው ትከሻ ላይ ዝቅ አደረጉላት። ስምንት ክብ ምልክቶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ደቃቅ የምላጭ ጭረቶች።

«ዋግምት?»

«ሒጃማ፣ አዎ። ሁለት ቀን አልሞላውም።»

«ካናቴራው የታለ?»

ነጭ ካናቴራ ነው። ጤናዬ መስኮቱ ጋ ወስዳ ገለባበጠችው። ሁለት የደረቁ የደም ነጠብጣቦች አሉበት፤ ሌላ ምንም የለም። አጣጥፋ ለማስረጃ ያዘችው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሥራ ዘመኗ «ምነው በመርዝ በሆነ» ብላ ስትመኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበላት።

ወደ አንዋር መስጊድ አካባቢ በእግሯ ሄደች፤ በጁምዓ ቀን እዚያ መኪና አይታሰብም። ሬሳ አጣቢው የጠቆሟትን ሒጃማ ሠሪ ሙደሲርን አግኝታ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው። ምን እንደመለሰላት ቆይተን እንሰማለን። ከዚያ ስቴንቱን ላስገባው ዶክተር ኻሊድ ደወለችና ሁለቱንም ይዛ ተመለሰች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በእትዬ ሐጀራ ሳሎን ተሰበሰቡ።

«መርዝ የለም» አለች ጤናዬ። «ፉርቃን ከዚያው ፔርሙስ ቀድሞ ጠጥቶ ቆሟል። አሁን ደሙን እንከተል። የዛሬ ሦስት ሳምንት አንዲት የምላጭ ጭረት አንድ ሰዓት ሙሉ አደማችው። ከትናንት በስቲያ አይደለም፣ ትናንት፣ ስምንት ቦታ ተበጣ። ካናቴራው ላይ ያለው ሁለት ነጠብጣብ ነው። እንዲህ የሚሆነው መድኃኒቱ ሲቆም ነው። መድኃኒቱ ግን ከናኢማ እጅ በየቀኑ ወጥቷል። ወጥቶ ካልተዋጠ፣ በመሃል ያለው ቁርስ ብቻ ነው። ሙደሲር፣ ለኔ ያልከውን ንገራቸው።»

«እትዬ ሐጀራ ባለፈው ሳምንት መጥተው ሲጠይቁኝ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አልነካም ብዬ መለስኳቸው። ትናንት ይዘዋቸው መጥተው ‹ካቆመ ስድስት ቀኑ ነው› አሉኝ። ሐኪም ፈቅዷል? ስላቸው ‹አዎ› አሉ።»

የሁሉም ዓይን ወደ አሮጊቷ ዞረ። እሳቸው ግን አልደነገጡም፤ እንዲያውም ቀና አሉ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያስቆምኩት! ታዲያ ደሙ እንደ ውሃ ይፍሰስበት? ተጠንቅቄለት እኮ ነው! ሰባት ቀን ብቻ፤ ከነገ ጀምሮ ሊውጥ ነበር። ‹ለናኢማ አትንገራት፣ ትጨነቃለች› አልኩት፤ እሺ አለኝ። መቼ እምቢ ብሎኝ ያውቃል!» ቋጠሯቸውን ፈቱት። «መድኃኒት አይጣልም ብዬ ይኸው አስቀምጬለታለሁ።»

መዳፋቸው ላይ ሰባት ሮዝና ሰባት ነጭ ኪኒኖች ፈሰሱ።

ናኢማ ኪኒኖቹን በጣቷ አንድ በአንድ ቆጠረች። ዶክተር ኻሊድ አሮጊቷ እግር ሥር ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ ሽቦው ለደም እንግዳ ነገር ነው። ሰውነት እስኪለምደው ድረስ ደም ሊረጋበት ይፈልጋል፤ የሚከለክለው ይኼ መድኃኒት ነው። በሁለተኛው ወር ሁለቱንም ማቆም ማለት ሽቦው በረጋ ደም ይዘጋ ማለት ነው።»

«ቀዶ ጥገና ቢሆን ኖሮስ?» አለ ፉርቃን፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«ያ ይሻላል ብዬ ነበር፤ እምቢ ሲሉ ስቴንቱም ይዟቸው ነበር። መድኃኒት ብቻውንም አንዳንድ ሰው ያቆያል፤ እሳቸውን ምን ያህል እንደሚያቆይ ግን እንጃ። የገደላቸው ምርጫው አይደለም። ሽቦውን መርጠን ሽቦ እንደሌለው ሰው ሄድን።»

«ኢንስፔክተር» አሉ እትዬ ሐጀራ። ኩራቱ ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ወረደ። «ምንድን ነው የሚሉት? እኔ ነኝ?»

ጤናዬ ልትዋሽላቸው ፈለገች፤ አላህም ቢሆን ይህን ውሸት ባልቆጠረባት። ግን ውሸቷ ዕድሜ ልክ የሚከፈለው ከናኢማ ነበር።

«አዎ፣ እትዬ» አለች። «ወደውት ነው። ግን አዎ።»

ዶክተሩ የሞቱን ምክንያት ጽፎ ፈረመ። ሬሳው አልተከፈተም። አጥበው፣ ከፍነው፣ ወንዶቹ ተሸክመው ለአስር ሶላት ወደ አንዋር ይዘውት ወጡ። ፉርቃን እንደ ሕፃን እየጮኸ ነበር የሚሄደው። ቤቱ ውስጥ ሴቶቹ ብቻ ቀሩ።

እትዬ ሐጀራ ምንጣፉ ላይ በእጃቸው እየዳሁ ናኢማ ጋ ደረሱና ጉልበቷን ያዙ።

«አፉ በይኝ፣ ልጄ። በአላህ ይዤሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ስምሽን አጠፋሁ፤ ባልሽን...»

ናኢማ ዓይኗን ጨፈነች። ጤናዬ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

«ዛሬ አይጠይቁኝ፣ እትዬ» አለች ናኢማ። «ዛሬ አልችልም። ነገ ይጠይቁኝ። ነገም እምቢ ካልኩ ከነገ ወዲያ ይጠይቁኝ። ብቻ መጠየቁን እንዳይተዉ።»